ጡረታ ያልነበራቸው ፕሬዝዳንት

በአውሮፓውያኑ 1884፣ በግንቦት ወር መጀመሪያ፣ 18ኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበሩት ዩሊሰስ ግራንት ራሳቸውን እንደ ባለጸጋ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ማክሰኞ ኒው ዮርክ፣ ዎል ስትሪት ወደሚገኘው ቢሯቸው ሲደርሱ ግን ድርጅታቸው መክሰሩን ልጃቸው ነገራቸው። በእጃቸው የቀረው 80 ዶላር ገደማ ነበር፤ ባለቤታቸው ጁሊያ ደግሞ 130 ዶላር ያህል ነበራቸው።

ችግር ለግራንት አዲስ አልነበረም። በ1854 ከሠራዊቱ ለቀው በሚዙሪ ግብርና ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። በ1857 የገና ሰሞን የወርቅ ሰዓታቸውን አስይዘው 22 ዶላር ተበድረዋል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ በአባታቸው የቆዳ ዕቃ መደብር ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የደቡቡን ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊን እጅ ያሰጡት እኚሁ ሰው ናቸው።

በ1869 ለፕሬዝዳንትነት ሲበቁ የዕድሜ ልክ ደሞዝ የነበረውን የጄኔራልነት ሹመታቸውን ተዉ። ለቀድሞ ፕሬዝዳንቶች ጡረታ የሚሰጠው ሕግ ደግሞ የወጣው በ1958 ነው። ስለዚህ ሥልጣን ሲለቁ መተዳደሪያቸው የራሳቸው ቁጠባና ወዳጆቻቸው ያዋጡላቸው ገንዘብ ብቻ ነበር።

ልጃቸው ፈርዲናንድ ዋርድ ከተባለ ወጣት ጋር የገንዘብ ድርጅት አቋቁሞ ነበርና ግራንትም 100 ሺህ ዶላር አውጥተው ሸሪክ ሆኑ። ዋርድ አንዱን የአክሲዮን ሰነድ ለተለያዩ አበዳሪዎች ደጋግሞ በመያዣነት ይሰጥ ነበር። በብድር ያገኘውን ገንዘብ ትርፍ ነው እያለ ያከፋፍላል። ትርፉ የሚገኘው ከመንግሥት ኮንትራት ነው ይል ነበር፤ ኮንትራቱ ግን አልነበረም። ግራንት ሒሳቡን አልመረመሩም፤ ዋርድ የሚያቀርብላቸውን ደብዳቤ ሳያነቡ ይፈርሙ ነበር። በጦር ሜዳ ያን ያህል ጠንቃቃ የነበሩ ሰው፣ የገዛ ጥሪታቸውን እንዲህ ለሰው አሳልፈው መስጠታቸው ያስገርማል። ስማቸውን አምነው ገንዘባቸውን ያስገቡ ዘመዶቻቸውም አብረው ከሰሩ።

ድርጅቱ ከመውደቁ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ በዋርድ ልመና፣ ግራንት ከባለሀብቱ ዊልያም ቫንደርቢልት 150 ሺህ ዶላር ተበድረው ነበር። ቫንደርቢልት ዕዳውን ሊተዉላቸው ቢፈልጉም እሳቸው እምቢ አሉ። ቤታቸውን፣ ጎራዴዎቻቸውንና የክብር ሽልማቶቻቸውን አስረከቡ።

በዚያው ዓመት የጉሮሮ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ለጁሊያ የሚተዉት ነገር አልነበረምና የጦርነት ትዝታቸውን ለመጻፍ ተቀመጡ። ደራሲው ማርክ ትዌይን ከሌላው አሳታሚ እጅግ የተሻለ ውል አቀረበላቸው። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1885 ማዕረጋቸውን ከነደሞዙ መለሰላቸው፤ ሆኖም የቀራቸው ዕድሜ ጥቂት ወራት ነበር። መዋጥ እያቃታቸው፣ ድምፃቸው እየጠፋ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጻፉ። መጽሐፉን በጨረሱ በቀናት ውስጥ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1885 በ63 ዓመታቸው አረፉ።

ከመጽሐፉ ሽያጭ ለጁሊያ 450 ሺህ ዶላር ገደማ ተከፈላቸው። ከባለቤታቸው ሞት በኋላ 17 ዓመት ኖሩ።