አባ ሙሴ ጸሊምና ከንስሓ በኋላ የመጣበት ጾር

በጉለሌ ሰፈር፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በሰንበት ማለዳ ቅዳሴ በሚቀደስበት ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ግንቡን ተጠግተው የሚያስቀድሱ ብዙ ምእመናንን ዘወትር እናያለን። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በሥርዓት ምክንያት የቆሙ ስለ ሆኑ ስለ እነርሱ የምንለው የለም። ሌሎቹ ግን አንድ ጊዜ ንስሓ ገብተው፥ የተሰጣቸውንም ቀኖና ፈጽመው፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ የተዉትን ነገር ደግመው ስላደረጉት፥ እንግዲህ በምን ዓይናችን የካህኑን ፊት እናያለን በማለት ከውጭ የቀሩ ናቸው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ከግንቡ ወደ መንገዱ፥ ከመንገዱም ወደ ቤታቸው ይርቃሉ፤ በመጨረሻም ደወሉን ከሩቅ መስማት ብቻ ይቀራቸዋል።

በዚህ ነገር እኛ ካህናት ንጹሓን አይደለንም። ገና በክህነት ወጣት በነበርንበት ጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እኛ የመጣን ሰው በቁጣ ቃል መልሰነዋል። ማን እንደ ሆነ፥ ነገሩም ምን እንደ ነበረ ልንናገር አይገባንም፤ ተመልሶ ግን አልመጣም። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ከግንቡ ውጭ ለቆሙት ብቻ አይደለም፤ ለራሳችንና ለመሰሎቻችንም ነው።

የማንን ሕይወት እንንገር ብለን ስናስብ፥ በጉለሌ የሁለት ሆስፒታሎች መጠሪያ የሆኑት ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያ ታወሱን። አንዱ ጌታውን የካደ፥ ሁለተኛውም ቤተ ክርስቲያንን ያሳደደ ነበረ፤ ዛሬ ግን ሕሙማን ስማቸውን እየጠሩ ወደ ደጃቸው ይሄዳሉ። ነገር ግን የእነርሱ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ እነርሱማ ሐዋርያት ናቸው እያለ ስለሚያልፈው፥ ሽፍታ የነበረውንና ከመነኰሰም በኋላ ብዙ ዓመት ከራሱ ጋር የታገለውን አባ ሙሴ ጸሊምን መረጥን።

ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ምድር የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአክሱም ወንጌልን ባስተማሩበት ዘመን፥ እርሱ በስደት አገር የአንድ ሹም አገልጋይ ነበረ። የጽርእ ጸሓፊዎች በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያውያን ይሉት ነበር፤ ጸሊም የሚለውም ቅጽል ስለ መልኩ የወጣለት ነው። በጌታው ቤት ሳለ በስርቆትና በክፉ ጠባይ ታወቀ፤ ሰው ገድሏል ተብሎም ተጠረጠረ፤ ጌታው አባረረው። ከዚያ በኋላ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በሥጋው ግዙፍ፥ በጉልበቱም እጅግ ብርቱ ነበረ፤ በአንድ ጊዜ አንድ በግ ጨርሶ ይበላ፥ አንድ አቁማዳ የወይን ጠጅም ይጠጣ እንደ ነበረ ይነገራል።

ዜናውን ከጻፉት አንዱ ጰላድዮስ፥ የሙሴን ክፋት የሚዘረዝረው የንስሓውን ታላቅነት ለማስረዳት መሆኑን አስቀድሞ ያመለክታል። እኛም በዚሁ አሳብ አንዱን እንነግራለን። አንድ ሌሊት ሊዘርፍ በሄደበት የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው ሥራውን አበላሹበት። በዚህ ቂም ይዞ እረኛውን ሊገድል ፈለገው፤ እረኛው ከወንዙ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ፥ የዓባይ ውሃ ሞልቶ ሳለ፥ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ በዋና ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ተረፈ። ሙሴም ሰውየውን ባጣው ጊዜ ከመንጋው 4 ምርጥ አውራ በጎች አርዶ በገመድ አሰራቸውና እየጎተተ ዋኝቶ ተመለሰ፤ መልካም መልካሙን ሥጋ በልቶ ቆዳውን በወይን ጠጅ ሸጠ፤ ከዚያም ወደ ባልንጀሮቹ ለመድረስ 50 ማይል ያህል በእግሩ ሄደ። ይህን ያህል ትጋት በውሻ ጩኸት ምክንያት ነበረ። ሰው ለክፋት የሚያወጣውን ጉልበት በኋላ ለበጎ ሥራ ሊያወጣው እንደሚችል ወደ ፊት እናያለን።

ስንክሳር በሰኔ 24 ቀን እንደሚተርከው፥ ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ አላረፈለትም፤ እውነተኛውን አምላክ እንዲያሳውቀውም ወደ ፀሐይ እየተመለከተ ይለምን ነበር። በአስቄጥስ ገዳም ያሉት መነኰሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሰምቶ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ወደ እነርሱ ሄደ። አባ ኤስድሮስ ባየው ጊዜ ፈራ፤ የመጣበትን በተረዳ ጊዜ ግን ተቀበለው፤ ወደ አባ መቃርስም አቀረበው። ሃይማኖትን ተማረ፥ ተጠመቀ፥ መነኰሰ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ሽፍታው መነኰሰ፥ ነገሩም አለቀ ይመስለዋል። በእኛ አስተያየት ግን የሚያስተምረው ታሪክ ገና መጀመሩ ነው።

በበአቱ ሳለ 4 ወንበዴዎች ማንነቱን ሳያውቁ ገቡበት። እርሱም አራቱን ይዞ አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ስልቻ በጀርባው ተሸክሞም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሰውን መጉዳት ስለማይገባው ምን እንደሚያደርጋቸው አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም የያዛቸው ያ ስመ ጥሩው ሙሴ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ዓለምን ንቀው መነኰሱ። እንዲህ ሲሰማ ሙሴ ከድካሙ ሁሉ የዳነ ይመስላል። ነገር ግን 4 ሰው አስሮ የተሸከመው ይህ ብርቱ አንዲት የራሱን አሳብ ማሰር አልቻለም ነበር። የዝሙት ጾር ተነሣበት፤ ቀን በበአቱ አላስቀምጥ፥ ሌሊትም በሕልም አላስተኛ አለው።

በአንድ ወቅት ጾሩ ከበረታበት የተነሣ በአቱን ትቶ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ሽማግሌው ወደ በአቱ እንዲመለስ መከረው፤ እርሱ ግን መታገሥ እንደማይችል ገለጸለት። አባ ኤስድሮስ አልተቆጣም። ወደ ሰገነቱ ይዞት ወጣ፤ በምዕራብ በኩል የሚዋጉትን የአጋንንት ብዛት፥ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ለቅዱሳን የሚረዱትን የመላእክት ሠራዊት አሳየው፤ ከእርሱ ጋር ያሉት እንደሚበልጡ አስረዳው። ሙሴም ተጽናንቶ ተመለሰ። ዳግመኛም ልማድ ቶሎ እንደማይለቅ ሲያስረዳው፥ ሥጋ ቤት የለመደ ውሻን ምሳሌ አድርጎ፥ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ የሚጥልለት ሰው ሲያጣ ውሻው ውሎ አድሮ እንደሚቀር ነገረው።

ሙሴ በምክሩ መሠረት ጀመረ። ምግቡን ጥቂት ደረቅ እንጀራ አደረገ፤ በቀን 50 ጸሎት ያደርስ ነበር፤ ጾሩ ግን አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍን ለመተው ወስኖ 6 ዓመት ሌሊት ሌሊት በበአቱ መካከል ቆሞ ሲጸልይ አደረ። ጾሩ አሁንም አልለቀቀውም። አንባቢ ሆይ፥ ስድስት ዓመት ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ አስብ። በእኛ ዘንድ የአንድ ዐቢይ ጾም ሱባዔ ፍሬ አላሳየንም ብለን ተስፋ የምንቆርጥ ብዙዎች ነን።

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ በሽሮ ሜዳ የሸማኔዎችን ሥራ የተመለከተ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ድሩ በተበጠሰ ጊዜ ሸማኔው የተሠራውን ሸማ ቆርጦ አይጥልም፤ ጉድጓዱንም ትቶ አይወጣም፤ ክሩን ቋጥሮ መወርወሪያውን ይመልሳል። በአንድ ጋቢ ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ሙሴም በራሱ ላይ ያላገኘውን ድል እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከመነኰሳቱ መካከል በእርጅና ምክንያት ውሃ መቅዳት የተሳናቸው ነበሩ፤ ውሃውም ለአንዳንዶቹ ግማሽ ማይል፥ ለአንዳንዶቹ 2 ማይል፥ ለሌሎቹም 5 ማይል ይርቅ ነበር። እርሱ ሌሊት ተነሥቶ በየበአታቸው ደጅ እየዞረ እንስራቸውን ወስዶ ውሃ ሞልቶ ይመልስላቸው ጀመር። በበግ ቂም ዓባይን የዋኘው ጉልበት እነሆ ለሽማግሌዎች እንስራ ተሸካሚ ሆነ። እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ይህ ነው፤ ይህን ሁሉ ያደረገው ጾሩ ገና ሳይለቀው ነበርና። በአሳቡ እየቆሰለ ሳለ ሽማግሌዎቹ ከቀዳው ውሃ ጠጡ፤ ውሃውም አልመረራቸውም።

አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አጎንብሶ ሲቀዳ ጠላት ወገቡን በዱላ መታው፤ በማግሥቱም ውሃ ሊቀዳ የመጣ ወንድም እንደ ሞተ ሰው ተዘርሮ አገኘው። ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው አስታመሙት፤ ሰውነቱ እስኪጸና ድረስ አንድ ዓመት ፈጀበት። ያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ከመጠን ያለፈውን ተጋድሎ እንዲተው፥ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ከክፉው ሕልም እንደሚያርፍ፥ ያለ ፍርሃትም ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀርብ ነገረው፤ ጾሩም ይህን ያህል የቆየበት በራሱ ኃይል ድል ነሣሁ ብሎ እንዳይታበይ መሆኑን ገለጸለት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲጠየቅ ከጾሩ ማረፉን ተናገረ።

እዚህ ላይ ጥቂት እናቁም። በሀገራችን ብዙው ምእመን በሕፃንነቱ ከቈረበ በኋላ እስኪሸመግል ድረስ ከሥጋ ወደሙ ርቆ ይኖራል፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ገና እንዳልበቃ ይናገራል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ሳይዘጋጁ መቅረብም ፍርድ እንዳለበት እናውቃለን። አባ ኤስድሮስ ሙሴን ወደ መቅደስ የላከው ግን በንስሓ አባት እጅ ሆኖ ለብዙ ዓመት የታገለውን፥ የቆሰለውን ሙሴን ነው። የዕረፍቱም ነገር የተነገረው ከቍርባኑ ጋር ተያይዞ ነው። የንስሓ ልጁን መንገድ የሚመረምር ካህን ይህን ቅደም ተከተል ቢያስተውለው ይጠቅመዋል እንላለን።

ኋላም ቅስና በተሾመ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ትሕትናውን ሊፈትን ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያስወጡት ካህናቱን አዘዘ፤ እነርሱም በመልኩ ጥቁረት እየሰደቡ አስወጡት። ሙሴ ራሱን ብቻ እየወቀሰ በጸጥታ ወጣ። ሰው በመልኩ ሲሰደብ ዝም ማለቱ ስድቡን ትክክል አያደርገውም፤ የሚታየው የሰዳቢዎቹ ቁመት ሳይሆን የተሰዳቢው ነው።

በሌላ ጊዜ በአስቄጥስ አንድ ወንድም በድሎ ስለ ነበረ አባቶች ለፍርድ ተሰበሰቡና ሙሴን አስጠሩት። አልመጣም፤ ደግመው ላኩበት። ያን ጊዜ የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ ተነሣ፤ አሸዋውም በኋላው እየፈሰሰ ወደ ጉባኤው ደረሰ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፥ የገዛ ራሱ ኃጢአት ከበስተኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሰው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ገለጸላቸው። እነርሱም በወንድማቸው ላይ አንዳች ሳይናገሩ ይቅር አሉት። ይህን ስናነብ ያ በቁጣ የመለስነው ሰው ፊት ይመጣብናል።

ሙሴ እንዲህ ሲኖር የብዙዎች አባት ሆነ፤ 70 ደቀ መዛሙርትም ተከተሉት። ዕድሜው 75 ዓመት ያህል በሆነ ጊዜ፥ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ የበርበር ወራሪዎች በገዳሙ ላይ እንደሚመጡ አስቀድሞ ዐወቀ። መሸሽ የሚፈልጉ እንዲሸሹ ለወንድሞች ነገራቸው። እርሱ ግን ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው ቃል በእርሱ እንዲፈጸም ብዙ ዓመት ሲጠብቅ መኖሩን ገልጾ አልሸሽም አለ። ያፈሰሰውን ደም አልረሳም ነበር። 7 ወንድሞችም ከእርሱ ጋር ለመሞት ቀሩ።

ወራሪዎቹ ገብተው ሙሴንና ከእርሱ ጋር የነበሩትን ገደሉ። አንዱ ወንድም ግን በዚያች ሰዓት ፈርቶ ከሰሌን ምንጣፍ በስተኋላ ተሸሽጎ ነበር። ስንክሳር እንደሚለው በተሸሸገበት ሆኖ የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ሲጠብቀው አየ። ምንጣፉን ገልጦ ወጣ፤ ወደ ገዳዮቹም ሄደ፤ አክሊሉንም ተቀበለ። የአባ ሙሴ ዐፅም በግብፅ በባራሙስ ገዳም ከመምህሩ ከአባ ኤስድሮስ ዐፅም ጋር ይገኛል።