ሊቀ ዲያቆናት ሐቢብ ጊርጊስ

የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በ2013 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እንቈጥራለን) ከቅዱሳን የቈጠረቻቸው ሊቀ ዲያቆናት ሐቢብ ጊርጊስ በ1876 በካይሮ ተወለዱ። በ1893 የካህናት ትምህርት ቤት ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኑ፤ ነገር ግን የሃይማኖት መምህር ስለ ታጣ፥ ገና ተማሪ ሳሉ ጓደኞቻቸውን እንዲያስተምሩ ታዘዙ። በዚያ ዘመን ብዙዎች የምእመናን ልጆች በመንግሥትና በሚስዮን ትምህርት ቤት ሌላውን ጥበብ ሲማሩ፥ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የሚነግራቸው አላገኙም። እኛ ካህናት ልጆቹ ኰበለሉ ብለን ማዘን ይቀናናል፤ እርሳቸው ግን ለዕድሜያቸው የሚስማማ መጽሐፍ ጻፉላቸው፥ መዝሙር አዘጋጁላቸው፥ ወጣቶችንም መምህራን አድርገው የሰንበት ትምህርት ቤትን በየአጥቢያው አስፋፉ። ከ1918 ጀምሮ የካህናት ትምህርት ቤቱ አለቃ ሆነው፥ ሚስት ሳያገቡ፥ በ1951 እስኪያርፉ ድረስ አገለገሉ። በአለቅነታቸው ዘመን በዚያ ከተማሩት አንዱ በ1971 ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ናቸው።