የተሰወረ ተጋድሎ፣ የተገለጠ ሥዕል፦ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በጣና ዳርቻ

በገድል ሥነ ጽሑፍ የሌሊት ጾም፣ ጸሎትና ስግደት የሚመሰገነው ከሰው ዐይን በመሰወሩ ነው። ገድል ጸሓፊውና ሠዓሊው ግን የተሰወረውን ለአንባቢ መግለጥ ይጠበቅባቸዋል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ይህን ተቃርኖ በጉልህ ያሳያል።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃና አማካሪ የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አገባች፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆችም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ለመመንኮስ ወደ ጣና ስትሸሽ ባሏ ጦር ይዞ ተከተላት፤ በእርሷ ምክንያት ሕዝብ እንዳይጎዳ ስትልም ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1617 አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ እጁ እንዳለበት ተረዳች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ተወች፣ ከመኝታው ራቀች፣ ሰውነቷም መነመነ። ባሏ በመጨረሻ ለቀቃትና መነኮሰች። የመጀመሪያው የተጋድሎዋ ስፍራ እንግዲህ ገዳም ሳይሆን የገዛ ቤቷ ነበር፤ ጾሟም ንስሓ ብቻ ሳይሆን እምቢታ ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ወለተ ጴጥሮስ ተቃወመች። ሁለት ጊዜ በቤተ መንግሥት ቀረበች፤ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምኗት ቢደክሙም አልተሳካላቸውም። ሦስት ዓመት ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ ካቋቋመቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው የተመሠረተው በዚሁ ግዞት ነው። የቀደመው ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1632 ከተመለሰ በኋላም ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ማኅበራቱን መራች። እ.ኤ.አ. በ1642 ሦስት ወር ታማ ዐረፈች።

ገድሏን ገላውዴዎስ የጻፈው ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ከሚያውቋት ሰዎች ቃል አሰባስቦ ነው። መታሰቢያዋ የጸናባት ቆራጣም በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ዛሬ መቀመጫው አንበሳሜ በሆነው ደራ ወረዳ ትገኛለች።

ከገድሉ ቅጂዎች አንዳንዶቹ በሥዕል ያጌጡ ናቸው። በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ እየቀረጸ የሚያትም የአውሮፓ ሠዓሊ ሌሊትን የሚያሳየው መስመር በመስመር ላይ ደርቦ፣ ጨለማውን በማክበድ ነው። የኢትዮጵያ የብራና ሠዓሊ ግን በአመዛኙ ጥላ አይጠቀምም፤ የጻድቁን ፊት ሙሉ አድርጎ፣ ዐይኑን አጉልቶ፣ በደማቅ ቀለም ያቀርባል። የክፉውን ፊት ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ይሥላል። በዚህ ልማድ በጨለማ የተፈጸመው ተጋድሎ እንኳ በብርሃን ይታያል።

ለታሪክ ተመራማሪው ይህ ልዩነት ጥንቃቄን ይጠይቃል። የቤተ መንግሥቱን ክርክር ብዙዎች ታድመውታል፤ የሌሊቱን ተጋድሎ ግን ሊመሰክሩ የሚችሉት አብረዋት የኖሩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ገድሉና ሥዕሉ የሌሊቱን ድርጊት ከማስረዳታቸው አስቀድሞ፣ ማኅበሯ ከእናቱ ሕይወት ምን እንዲታወስ እንደመረጠ ያስረዳሉ።