ኦነሲሞስ ነሲብ፤ ከጨፌው አገር የተወሰዱት ተርጓሚ

ከነቀምቴ፣ ከጨለለቂም የመጣን ተማሪዎች ጨፌ ስንል ውሃ የተኛበትን፣ ቄጠማ የበቀለበትን መስክ ማለታችን ነው። ቃሉ የሸንጎም ስም ነው፤ የገዳ ጉባኤ በጨፌ ይሰበሰብ ነበርና ዛሬም የኦሮሚያ ምክር ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለውን ቋንቋ በጽሑፍ ያቆዩልንን ሰው ማስታወስ ይገባናል።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። አገሩ ሸለቆው ሁሉ ጨፌ ነው፤ ገበሬው ቄጠማውን አጭዶ ቤቱን ይከድንበታል፣ ለበዓልም ይጎዘጉዘዋል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን፣ ፍችውም ተርጓሚ ማለት ነው። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ወሰዷቸው። 8 ጌቶች ከተፈራረቁባቸው በኋላ በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር ምጽዋ ላይ ነጻ አወጣቸው። በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ፤ ኋላም ስዊድን ድረስ ተሻግረው 5 ዓመት አጠኑ።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ግን ብርቱ ሥራ ነበር። ሕፃኑ ሙሴ በደንገል ሣጥን ሆኖ በወንዝ ዳር ቄጠማ መካከል መደበቁን ለመተረክ እንኳ የረግረጉን ዕፅ በስሙ መጥራት ያሻል። እርሳቸው ግን ጨፌውን የተለዩት በልጅነታቸው ነው፤ የሚሠሩበት እምኩሉም ደረቅ የባሕር ዳርቻ ነው። ስለዚህ ቃል የሚለቀመው ከሰው ትዝታ ነበር። እንደ እርሳቸው ከባርነት የተፈቱት ወጣቷ አስቴር ጋኖ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን ከልባቸው እያወጡ ጻፉ፤ መዝገበ ቃላትም አዘጋጁ። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ፣ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ።

በ1904 ኦነሲሞስ ነቀምቴ ገቡ፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። በ1906 ተከሰው ከነቀምቴ እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ ዐፄ ምኒልክ እንዳይሰብኩ ከልክለው በነቀምቴ እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ።

ዛሬ በኢሉባቦር ብዙ ጨፌ እየተጠነፈፈ የበቆሎ እርሻ ሆኗል። ዕፁ ሲጠፋ ስሙም ይከተላል። እርሳቸው ከአገር ተነቅለው ቃሉን ካላስጠፉ፣ እኛ በፈቃዳችን የምንሄድና የምንመለስ ምን ምክንያት አለን? ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ አንድ ደብተር ይዘን፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውንም በዳር የሚበቅለውንም ስሙን ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ።