ከበደ ሚካኤል፦ የሊቃውንትን ማዕድ ለሁሉ ያቀረቡ ደራሲ

ደራሲ ከበደ ሚካኤል የተወለዱት በሸዋ ነው፤ ፈረንሳይኛንም ጠንቅቀው ተምረዋል። በወጣትነታቸው ዘመን የሼክስፒር ተውኔት የውጭ ቋንቋ ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ የተዘጋ ቤት ነበር። እርሳቸው ግን «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ ግጥም መለሱ፤ በ«ታላላቅ ሰዎች» የዓለምን ሊቃውንት ሕይወት ተረኩ፤ በ«ታሪክና ምሳሌ»ም ጥልቁን ምክር ሕፃን በቃሉ በሚይዘው ስንኝ አስተማሩ። ቃሉን ሲያቀልሉ ቁም ነገሩን አላሳነሱም።

በደርግ ዘመን ቤታቸው ተወረሰ፤ በ1991 ዓ.ም. ዐረፉ። በተማሪዎች ልብ ያኖሩትን ግን የሚወርስ አልተገኘም። በሱሉልታም ሆነ በሌላው ቁምስና ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁሉ ከእርሳቸው አንድ ነገር እንማር፦ ታላቁን ነገር አድማጩ በሚገባው ቃል ማቅረብ ራሱ የፍቅር ሥራ ነው።