ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የናሙናው ጥያቄ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገጠር ያደገ ሰው እንዶድን አይስተውም። ሳሙና በማይገኝበት ጊዜ እናቶቻችን ወንዝ ወርደው ነጠላና ጋቢ ያነጡበት የነበረ ፍሬ ነው። ይህንን የጓሮ ተክል ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሲመለሱ ያተኮሩት በቢልሃርዝያ ላይ ነበር። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አካል ተራብቶ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይደመድም ነበር። እሳቸው ግን ከማጠቢያው በላይ ካለው ውሃ በሕይወት ያሉትን ለቅመው የእንዶድ አረፋ አስጨመሩባቸው። ወዲያው ሞቱ።

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እንዶድ በዓድዋ ወንዞች ተሞከረ። በሽታው በአጠቃላይ ሕዝቡ ላይ ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ግን ከ50 ወደ 7! ከተማው አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትሉ በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር አዋቂው የድሮውን በሽታ ይዞ ይቆጠራል። አዲስ መተላለፍ መቆሙን የሚያሳየው ትንሹ ልጅ ነው። አዋቂዎችን ብቻ በናሙና ቢወስዱ ኖሮ የእንዶድ ጥቅም ግማሹ ተደብቆ ይቀር ነበር።

ያም ሆኖ የውጭ ተቋማት የእንዶድ ደኅንነት በራሳቸው ደረጃ ካልተመረመረ አንቀበልም በማለታቸው ሥራው ብዙ ዓመት ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። በ1997 አረፉ። አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ምን እንማር? አንድ አጥኚ ቡሬ መጥቶ በመንገድ ዳር ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎችን ብቻ መረመረ እንበል። ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ሲንቦጫረቅ የሚውለው እረኛ ልጅ ከቁጥሩ የለበትም፤ በሽታው ግን እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ከመቶ ይህን ያህል የሚል ዜና ከመጻፋችን በፊት ማን ተቆጠረ፣ ማንስ ቀረ ብለን እንጠይቅ።