በሩን ሳይዘጉ የወጡት አባት

ፍሥሐ ጽዮን ቀስት የሚወድ ልጅ ነበር። ቡልጋ፣ ጽላልሽ ዞረሬ ተወልዶ፣ የካህን ልጅ ሆኖ፣ ማዕረገ ክህነትም ተቀብሎ ልቡ ግን አደን ላይ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ለአደን ጫካ እንደገባ ጌታ በቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ሆኖ ተገለጠለት። ከእንግዲህ አራዊት ሳይሆን ሰው እንዲያጠምድ ነገረው፤ ስሙንም ተክለ ሃይማኖት አለው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤት ገብተው ሀብታቸውን ለድሆች በተኑ። ሲወጡ በሩን እንኳ አልዘጉትም።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል አይደል? ገና ነው። ዳሞት ድረስ ሄደው ሰበኩ፣ ብዙ ሕዝብ አጠመቁ። ስማቸው ከገነነ በኋላ ደግሞ ተመልሰው ተማሪ ሆኑ! በአባ በጸሎተ ሚካኤል ገዳም 12 ዓመት እንደ ማንኛውም ረድእ አገለገሉ፤ ቀጥሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ፣ ከዚያም ደብረ ዳሞ። ለእኔ በሩን ክፍት ትቶ ከመውጣት ይልቅ ይሄኛው ይከብዳል።

ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን። ያረፉት በ1305 ዓ.ም. ነው። ልጆቻቸው ግን ዋሻው ውስጥ አልቀሩም፤ ዜና ማርቆስ ሞረት ላይ ደብረ ብሥራትን ተከሉ፣ መርሐቤቴ ደግሞ ለመርቆሬዎስ ደረሰች።